አንቱታ በድምፅ ብልጫ

ዳኛው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ዛሬም ዳኛው ከማለት በቀር ሌላ ስም አያውቅላቸውም። የፍርድ ቤት ዳኛ እንዳይመስላችሁ፣ የእግር ኳስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁምጣ ለብሰው፣ ፊሽካ አንጠልጥለው፣ በሰው ጠብ መሃል ሲሮጡ ኖረዋል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ወንዱ ልጃቸው አገባ። አባቱን ብቻቸውን ላለመተው ሲልም ሙሽራዋን ይዞ እዚያው ቤት ገባ።

ሙሽራዋ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ሌንስ ትሞርዳለች፣ የተጣመመ ፍሬም ታቃናለች፣ ደንበኛ ታስቃለች። እዚያ ምላሷ አያርፍም። ቤት ስትገባ ግን ምላሷን ከጫማዋ ጋር በር ላይ የምታወልቅ ይመስል ጭጭ ነው። አማቷን ታፍራለች። «እርስዎ» ለማለት ስትሞክር ድምጿ ይቀጥናል። ጨው እንኳ የምታቀብለው በባሏ በኩል ነው። «አባባን ጨው ይጨመርላቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ» ትለዋለች፣ አባባ እዚያው አጠገቧ ተቀምጠው። እሳቸውም ወደ ልጃቸው ዞረው «አይ፣ በቃኝ በላት» ይላሉ። ባልየው የጭነት መኪና ሹፌር ነውና መንገድ ሲወጣ በዚያ ቤት የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ይሆናል።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ካርታ አለ። የዳኛው ሴት ልጅ፣ ነርሷ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ ትመጣለች። ጎረቤታቸው ጸጉር አስተካካዩም ሱቁን ዘግቶ ብቅ ይላል። ካርታውን ቀድሞ ጥሎ የጨረሰ ያሸንፋል፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ግን ዳኛው ናቸው። የሚያሸንፉትም ስለሚያጭበረብሩ ነው። ሜዳ ላይ ከሕግ ንቅንቅ የማይሉት ሰው ካርታ ሲይዙ ሌላ ፍጡር ይወጣቸዋል፦ ሁለቱን አጣብቀው እንደ አንድ ይጥላሉ፣ ያልወደዱትን እጅጌያቸው ውስጥ ሰደድ ያደርጋሉ። ሁሉም ያያል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ማን ደፍሮ?

አንድ ቅዳሜ፣ ባልየው መንገድ ላይ ሳለ፣ ምራቲቱ መሸነፍ ሰለቻት።

«መሥሪያ ቤት መብራት ሲጠፋ የምንጫወተው አንድ ጨዋታ አለ» አለች ለነርሷ፣ በለሆሳስ። «ካርታው ያው ነው። ግን አንድ ዙር ያሸነፈ ሰው አዲስ ሕግ ያቀርባል። አራት ከሆንን፣ ሦስት እጅ ያገኘ ሕግ ይጸድቃል። ካላገኘ ወደቀ።»

ዳኛው ሰምተው ኖሮ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሕግ በእጅ ማውጣት? ተጫዋቹ ተሰብስቦ ኦፍሳይድ ይቅር ካለ ኦፍሳይድ ሊቀር ነው?»

«ሦስት እጅ ካገኘ፣ አዎ» አለች ነርሷ።

«ወይ ጉድ!» አሉ። ቢሆንም ካርታውን አንስተው መበወዝ ጀመሩ።

የመጀመሪያውን ዙር እንደ ልማዳቸው አሸነፉና ሕጋቸውን አቀረቡ፦ «ዳኛ ላይ መጮኽ ክልክል ነው።» የራሳቸውን እጅ ብድግ አድርገው ዙሪያውን ቃኙ። ሌላ እጅ የለም። በሕይወታቸው በድምፅ ተሸንፈው አያውቁምና እጃቸውን የሰው እጅ ይመስል ትኩር ብለው አይተው አወረዱት።

ቀጥሎ ጸጉር አስተካካዩ አሸነፈ፦ ንግሥት የጣለ ሰው ተራው እስኪመለስ ይቆማል። ጸደቀ። ነርሷ አሸነፈች፦ ካርታ ለመሳብ ጣቱን በምራቁ ያረጠበ ሁለት ካርታ ይጨመርበታል። ይህ በቀጥታ አባቷ ላይ ያነጣጠረ ነበር፣ እሱም ጸደቀ። ዳኛው ወዲያው ጣታቸውን ላሱና ሁለት ካርታ ታቀፉ። ሁሉም ሳቀ፣ ምራቲቱም አፏን በካርታዋ ሸፍና ሳቀች።

በአራተኛው ዙር ዳኛው ሁለት ካርታ አጣብቀው ዱብ አደረጉ። ምራቲቱ ፊት ለፊታቸው ነበረች፤ ጥርት አድርጋ አየች።

«አባባ… እርስዎ… አሁን የጣሉት…»

«ምን ሆነ?»

«አይ፣ ምንም።»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ግን ከዚያ በኋላ ተጫወተች ከተባለ ያኔ ነው። ጥርሷን ነክሳ፣ ካርታዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ዙሩን አሸነፈች። ከዚያም ብድግ አለች፣ ንግሥት ሳትጥል።

«እኔ የማቀርበው ሕግ» አለች፣ «በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንቱታ ይቅር። ሁሉም ሰው አንተ፣ ሁሉም ሰው አንቺ። የተሳሳተ አንድ ካርታ ይስባል።»

ነርሷ ደነገጠች። «ምን ነካሽ አንቺ?»

«አንቱ እያሉ መጣላት አይቻልማ! ‹እርስዎ አጭበረበሩ› ይባላል? ይቅርታ መጠየቅ ነው እኮ የሚመስለው!»

ከአፏ በወጣው ነገር እሷ ራሷም ተገረመች፤ ቢሆንም እጇን አወጣች። ነርሷ ሁለቱንም እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ቀበረች። ጸጉር አስተካካዩ ነገር ይወዳልና ሳያስብ እጁን ከፍ አደረገ፤ ምን እንዳደረገ የገባው ወዲያው ነው፣ ግን የወጣ እጅ ማውረድ አፈረ። የቀሩት ዳኛው ነበሩ።

ዳኛው ምራታቸውን አዩ። ቤታቸው ከገባች ጀምሮ እንዲህ ትክ ብለው አይተዋት አያውቁም። ከዚያ ቀኝ እጃቸው፣ የመስመር ዳኛ ባንዲራ እንደሚያነሳ፣ ቀጥ ብላ ወጣች።

«ጸድቋል» አሉ። «በይ ጀምሪ።»

«ምኑን?»

«ቅድም ልትይው የነበረውን ነዋ።»

«አንተ…» አለችና ቆመች። ጣራው ሳይደረመስ ቀረ። «አንተ! ሁለት ካርታ አጣብቀህ ነው የጣልከው! አይቼሃለሁ! ባለፈውም ቅዳሜ አድርገኸዋል! እስቲ እጅጌህን አራግፍ!»

«ማስረጃ ሳይኖርሽ?»

«አራግፍ አልኩህ!»

አራገፉ። አንድ አስና አንድ ጆከር ምንጣፉ ላይ ወደቁ። ዳኛው ወደ ወደቁት ካርታዎች አዩ፣ ወደ ምራታቸው አዩ፣ ከዚያም ሳቅ ጀመራቸው። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው እየወረደ፣ ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ።

ችግሩ የጸጉር አስተካካዩ ሆነ። ምላሱ እምቢ አለው። «ጋሼ፣ ተራው የእር—» ብሎ አንድ ካርታ ሳበ። «ጋሼ፣ ይጫወታሉ ወይስ—» ሌላ ሳበ። በመጨረሻ መላ አገኘ፦ ማንንም ሳይጠራ ማውራት። «እንግዲህ ካርታ የሚሳብ ከሆነ ይሳባል፣ የሚታለፍ ከሆነም ይታለፋል» ይላል ግድግዳውን እያየ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አሉት ዳኛው።

«ከሚመለከተው ጋር!»

ነርሷ ግን አልሳቀችም። ተራዋ ሲደርስ ካርታዋን አስቀመጠች። ዓይኗ እርጥብ ነበር። «እኔ አልችልም» አለች። «አባቴን አንተ ካልኩ ሌላ ሰው የሆኑ ይመስለኛል። ካርታው ይጨመርብኝ።»

ዳኛው ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፉ።

«ስሚኝማ» አሏት። «ሜዳ ላይ ሁሉም አንተ ነበር የሚለኝ። ስታዲየም ሙሉ ሰው፣ ‹አንተ ምን ታያለህ! አንተ ሂድና ተኛ!› ቤት ስገባ ደግሞ እናትሽ፦ ‹አንተ፣ በዚያ ጭቃ ጫማህ ምንጣፌ ላይ?› እሷ ከሄደች ወዲህ የሚያከብረኝ እንጂ የሚቆጣኝ ጠፋ። የሄድኩበት ሁሉ ተነስተው ወንበር ይለቁልኛል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ቀኑን ሙሉ ወንበር ሲለቀቅልህ መዋል እኮ፣ ሐውልት የሆንክ ይመስልሃል።»

ነርሷ ዓይኗን ጠረገች።

«ሳላሸንፍ ሕግ ማቅረብ ይፈቀድልኛል?» ሲሉ ጠየቁ። ሦስቱም እጅ አወጡ። «እንግዲያው እያንዳንዱ አፉ በለመደው ይጥራኝ። ሕጉ ግን አልተሻረም፤ የጀመረች ትቀጥል።»

አራት እጅ ወጣ። ጸጉር አስተካካዩ በረጅሙ ተነፈሰና «ጋሼ፣ እርስዎ ይኑሩልን!» አለ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ምራቲቱ ብርጭቆ ልታነሳ መጣች። ድፍረቷ በንኖ አልቆ ነበር። «አባባ፣ ሻይ ልጨምር—ልዎት?» አለች።

«ጨዋታው አልቋል ብሎ ድምፅ የሰጠ አለ?» አሉ ዳኛው።

አሰበች። «የለም።»

«እንግዲያስ።»

«ሻይ ልጨምርልህ?»

«ስኳር አታብዢ።»

ባልየው ከመንገድ የተመለሰው በሳምንቱ ውስጥ ነው። በሩን ሊከፍት ቁልፉን እንዳስገባ የሚስቱን ድምፅ ሰማ። «አንተ ሰውዬ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ? እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ አይጣልም! ና አንሳ!» ደሙ ፈላ። በቤቱ ውስጥ፣ በሱ አልጋ፣ የማን ፎጣ ነው? በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። አባቱ ፎጣ እያጠፉ ቆመዋል።

«ማን ነው እዚህ ያለው?» አለ እያለከለከ።

«እኛ ነና» አለች ሚስቱ።

«አንተ የምትይው ማንን ነው?»

«አባትህን።»

አባቱን አየ። «ምን ያፈጥጥሃል?» አሉት። «ድምፅ ተሰጥቶበታል።»

በቀጣዩ ቅዳሜ እሱም ለጨዋታ ተቀመጠ። እንደ ምንም አሸነፈና አንቱታ ይመለስ ሲል አቀረበ። ድጋፍ ፍለጋ ወደ እህቱ ዞረ። ነርሷ አባቷን አየች፣ ምራቲቱን አየች፣ እጇን አላወጣችም። «እኔ አልችልበትም» አለች፣ «እሷ ግን ትችልበታለች። ተዋት።»

እንዲህ ሆኖ ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ዳኛውና ምራታቸው የምር ተጣሉ። ሳይነግሯት፣ ቤት ውስጥ ፍሬም የምትጠግንበትን ጠረጴዛ አስተካክላለሁ ብለው ጥቃቅን የመነጽር ብሎኖቿን ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ ገልብጠውባት ነበር። አልጮኸችም። ቦርሳዋን አንስታ «እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ዳኛው ምሳ አልበላ አላቸው። ሬዲዮ ከፈቱ፣ ዘጉ። ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ደርበው መነጽር ቤቱ ድረስ በእግራቸው ሄዱና እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሰልፍ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ መነጽራቸውን አውልቀው አቀበሏት።

«ጠበበኝ» አሉ።

ትናንት አልጠበባቸውም፣ ዛሬም አልጠበባቸውም፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ፍሬሙን አገላብጣ አየችው። በለስላሳ ጨርቅ ወለወለችው፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ነገር ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ወደ ፊታቸው ጠጋ ብላ ልታጠልቅላቸው ሞከረች። ዳኛው የሥራ ባልደረቦቿን ለማየት አንገታቸውን ያዞራሉ።

«ቀጥ በል እንጂ!» አለች። «ዝም ብለህ ቁም፣ ዓይንህን ልወጋህ ነው!»

ባልደረቦቿ ቀና ብለው ተያዩ። ዳኛው ግን ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ፊታቸው በራ።

«አሁን ልክ ሆነ» አሉ።