አሥራ ዘጠኙ የእምቧይ ጠርሙሶች

«ይሄን ለጥርስሽ፤ ይሄን ደግሞ ለባልሽ ሆድ ወስደሽ ስጪው» አለች አክስት፣ ሁለት ቡናማ ጠርሙሶች ለጎረቤቷ እያስጨበጠች።

የሟች ልጅ ከወንበሯ ብድግ አለች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ተሞልቷል።

«አክስቴ፣ የቱ የምን እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

«በቀለሙ ነዋ። ወንድሜ በቀለሙ ነበር የሚለየው።»

እውነቷን ነው፤ ጣጣው ያለውም እዚያው ላይ ነው። አባቷ ሠላሳ ዓመት በቀለም ፋብሪካ ቀለም ሲቀምም የኖረ ሰው ነበር። ለሌላው ሰው አንድ የሆነው አረንጓዴ ለእሱ አርባ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ያንን ዓይኑን ይዞ ወደ እምቧይ ዞረ፤ ፍሬውን ከመንገድ ዳር እየለቀመ፣ እየዘፈዘፈና እያጠለለ ለጭርቱም፣ ለጥርሱም፣ ለሆዱም ያድል ጀመር። ጠርሙስ ላይ መጻፍ ግን ሞቱ ነው። «ዓይን ላለው ሰው ምን ጽሑፍ ያስፈልገዋል?» ይል ነበር። አሁን እሱ የለም፤ ትቷቸው የሄደው አሥራ ዘጠኝ ጠርሙሶችም ከመክረማቸው የተነሳ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነዋል።

ልጅቷ የምትሠራው ላቦራቶሪ ነው። ዶክተር ባትሆንም አባቷ «ዶክተሬ» እያለ ያሾፍባት ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንዱን ጠርሙስ ደብቃ ወስዳ መረመረችና ውጤቱን ይዛ ስትበር መጣች። ደጁ ላይ ሰው ወረፋ ይዟል።

«አባዬ፣ ጥሬው ፍሬ ውስጥ ሶላኒን የሚባለው ንጥረ ነገርና ዘመዶቹ ሞልተዋል። ቆዳ ላይ ሲሆን ፈንገሱን ይገድል ይሆናል፤ የጠጣውን ሰው ግን ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱን ያዛባዋል። መርዝ እኮ ነው የምታጠጣቸው!»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነበር የተናገረችው። ክው ማለቱ ዛሬም ይታያታል። ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው፤ «ዶክተሬ፣ ምሳ በልተሻል?» አላት። ከዚያ ወዲህ ስለ እምቧይ አንስተው አያውቁም። እሷም መልሱን ፈርታ አልጠየቀችም።

አሁን ዝም ካለች የጎረቤቷ ባል ይጠጣዋል። ከተናገረች ደግሞ አባቷን ለሁለተኛ ጊዜ ሰው ፊት ልታዋርደው ነው፤ ያውም በለቅሶው።

«መልሺልኝ፣ እህቴ» አለች እጇን ወደ ጎረቤቲቱ ዘርግታ። «አይጠጣም። ሰው ይገድላል።»

አክስት ነደዳት። «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! አባትሽ ሰው ገዳይ ነበር ልትዪን ነው?»

ይሄኔ የአባቷ ባልንጀራ፣ ጫማ ሰፊው፣ ከጥግ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጅቷ ልክ ናት። ለሆድ መስጠቱን ከተወ እኮ አራት ዓመቱ ነው። ሆዴን ቆርጦኝ ብመጣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አነበበልኝ። እኔ አልገባኝም፤ እሱም የገባው አይመስለኝም። ‹ልጄ አይሆንም ብላለች፤ እሷ ካለች አለቀ› አለኝ። ቀድሞ የሰጣቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞርን ጠርሙሱን ለቀምን። እነዚህ አሥራ ዘጠኙ ያኔ የለቀምናቸው ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም፣ ጋሼ?»

«‹ልክ ነሽ ካልኳትማ ከእንግዲህ አትቻልም› ይል ነበር።»

ሳሎኑ ሳቀ፤ አክስትም ሳትወድ በግዷ ፈገግ አለች። ልጅቷም ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ እንባዋ ቀደማት። አራት ዓመት ሙሉ የናቃት መስሏት ነበር።

«ለምን አልደፋውም ታዲያ?» አለች ጎረቤቲቱ፣ ጠርሙሶቹን እየመለሰች።

«ሜዳ ላይ ከደፋሁት ከብት ይልሰዋል ብሎ ፈራ። ‹የት እንደሚደፋ እሷ ታውቃለች፤ አንድ ቀን እጠይቃታለሁ› ይላል። ዛሬ ነገ ሲል ቀረ።»

ልጅቷ የሥራ ቦርሳዋን አምጥታ መደርደሪያው ሥር ተንበረከከች። ጠርሙሶቹን እያወረደች አንድ በአንድ ቦርሳው ውስጥ ትደረድር ጀመር።

«እኛ ጋ ማስወገጃ አለ፣ አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «ነገ ይዤው እሄዳለሁ።»

ከዚያም እንዳይጋጩ ጥቁር ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ በመሃላቸው ጠቀጠቀችው።