ጸሎቱ የተሰማለት ሰው

ሽማግሌ ሉቃስ ሲጸልይ ወጥ ይቀዘቅዛል። ይህን ጠላት ያወራበት እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ነው እየሳቀ የሚያወራው። በገላን ኮንዶሚኒየም ለቅሶ ይሁን ሠርግ ማዕድ ቀርቦ «ሽማግሌ፣ ይባርኩልን» የተባለ እንደሆነ ጉሮሮውን ይጠርግና ከዓለም መፈጠር ይጀምራል። የእስራኤልን ልጆች ባሕር እስኪያሻግር ሕፃናቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ደግሞ ሌላ መጥፎ ዐመል አለው። ለሰው ፊት ለፊት መናገር ያልደፈረውን ነገር ሁሉ ለእግዚአብሔር ያሳብቃል፣ ሰውየው እየሰማው። «ጌታ ሆይ፣ እያረፈዱ የሚመጡትን አስባቸው» ይላል፤ ያረፈደው አንገቱን ይደፋል። ሁሉም ዐይኑን ጨፍኖ ማን መልስ ይስጠው?

ጉድ የሠራው ይኸው ዐመሉ ነው። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ልጁ ናፍቆት ሮቤራ የሚባል የሰፈር ልጅ ላግባ አለች። ሮቤራ ጨዋ ልጅ ነው፤ የአባቱ የጤፍ ማሳ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወዲህ ግን ሥራ አልነበረውም። ሉቃስ ደፍሮ እምቢ አላለም። የሽምግልናው ምሳ ዕለት እንዲጸልይ ተጋበዘ፤ ጸለየ። «ጌታ ሆይ፣ ሥራ ሳይኖራቸው ሚስት ለሚያምራቸው ወጣቶች ሥራ ስጣቸው፤ እጃቸውን አካፋ አስለምድልን» አለ። ዐይኑን ሲገልጥ የሮቤራ አባት ጋቢያቸውን እያጣፉ ከመቀመጫቸው ተነስተዋል።

ጋብቻው አልቀረም፤ የቀረው ሉቃስ ነው። የሮቤራ ስም ቤቱ ውስጥ እንዳይነሳ ከለከለ። ናፍቆት አግብታ ቱሉ ዲምቱ ገባች፣ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ልጁም ሦስት ወር ሞላው። አያት ተብዬው አንድ ቀን እንኳ ዐይኑን አላየውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ሥርጉት ሻይ እየቀዳች፣ «ነገ ሕፃኑን ቤተ ክርስቲያን ወስደው ጉባኤ ፊት ለበረከት ያቀርቡታል» አለችው። «ናፍቆት ቁርጡን ነግራኛለች። አባዬ ሮቤራን ይቅርታ ካልጠየቀ ባይመጣ ይሻላል ብላለች።»

«ምን አድርጌ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ጸሎት እኮ ነው የጸለይኩት።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ አንተ ሰው። ይልቅ ቃሊቲ ያለው የጸሎት መናፈሻ ሂድና አስብበት። ሳታስብበት ግን ምሳ ብለህ እንዳትመጣ።»

ሉቃስ መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ታክሲ ያዘ። በልቡ ግን ይቅርታ ሊጠይቅ ሳይሆን እግዚአብሔር እንዲፈርድለት ነበር የሚሄደው። የመናፈሻውን በር አልፎ ጽዶቹ ጋ ሲደርስ የአስፋልቱ ከባድ መኪናዎች ጩኸት ራቀ። አንድ ሰሌዳ ላይ «ከዚህ በኋላ ዝምታ ነው። ጸሎትዎን በልብዎ ያድርሱ» ተብሎ ተጽፏል። መቼም ለሌሎች ነው ብሎ አለፈ።

ሰው ሁሉ የሚያየው አግዳሚ ወንበር መርጦ ተንበረከከ። በአንድ ዐይኑ አጮልቆ ቢያይ ያየው ሰው የለም። አንዲት ሴትዮ ዛፍ ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው አቀርቅረዋል። እሺ ብሎ በልቡ ጀመረ። ከዓለም መፈጠር ተነስቶ ገና ሁለተኛው ቀን ላይ ደረሰ። ውሃው ከውሃ ሲለይ የኮንዶሚኒየሙ ሮቶ ትዝ አለው። ሮቶው ከትናንት ጀምሮ ያፈሳል። የቧንቧ ሠራተኛውን ስልክ የት እንዳስቀመጠው ሲያስብ ጸሎቱ ጠፋበት። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ሮቶው ጋ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው በሌለበት ጸልዮ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባው፤ ደነገጠም። የሚያደርገው ቢጠፋው ድምፁን ለቀቀው።

«ሰማይና ምድርን የፈጠርህ ጌታ ሆይ—»

አንድ እጅ ትከሻውን ነካ አደረገው። ዞር ቢል አረንጓዴ ቱታ የለበሰ ወጣት አካፋ ተደግፎ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሮቤራ ነው። ሉቃስ ክው አለ።

«እዚህ ድምፅ አይፈቀድም፣ አባባ» አለ ሮቤራ በሹክሹክታ። ቀጥሎ አካፋውን ትንሽ ከፍ አደረገው። «ጸሎትዎ ተሰምቷል። እዚህ አትክልተኛ ሆኜ ከተቀጠርኩ ስምንት ወር ሆነኝ።»

ሥርጉት ወዴት እንደላከችው አሁን ገና ተገለጠለት። እንደምንም ተነሳና፣ «የተወደድህ ልጄ ሮቤራ፣ ከሁሉ አስቀድሜ...» ብሎ ጀመረ። የሮቤራ ጣት ተመልሶ ከንፈሩ ላይ ወጣ። ሴትዮዋም ከነጠላቸው ውስጥ ገላመጡት።

አቤት መከራ። ያለው ሀብት ምላስ ብቻ ነው፤ እሱንም ተከለከለ። ግራ ገብቶት መሬት መሬቱን ሲያይ በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች አየና የድሮው ሰው ይቅርታ አጠያየቅ ትዝ አለው። የመጀመሪያውን ሊያነሳ ቢታገል ወገቡ እምቢ አለ። ሁለተኛው ጭብጥ የሚያክል ነው፤ ሲያነሳው ሮቤራ ሊወረውርብኝ ነው ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ሦስተኛውን ማጅራቱ ላይ ጫነና አጎነበሰ። ኖራው የክት ኮቱ ላይ ረገፈ። እዚያው እንዳጎነበሰ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ያን ዕለት የሮቤራ አባት ጋቢያቸውን ሊያጣፉ ሲሉ ሁለት ጊዜ ከትከሻቸው ሲያመልጣቸው ማየቱን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

የሮቤራ አካፋ መንገዱ ላይ ወድቆ ቃጨለ። «ኧረ አባባ፣ ነውር ነው፤ ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» እያለ ድምፁን አውጥቶ ተንደረደረና ሸክሙን ተቀበለው። ሴትዮዋ ሁለቱንም «እሽሽ» አሏቸው። ሮቤራ ድንጋዩን ቦታው እየመለሰ፣ «ትናንት ነው እኮ የደረደርኩት» አለ ዝቅ ብሎ።

ከሰሌዳው ወዲህ፣ ጥበቃ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሮቤራ ናፍቆት የቋጠረችለትን ፍርፍር የዘበኛው ምድጃ ላይ አሙቆ አቀረበ። በልማድ «ይባርኩልን» አለና ወዲያው ፊቱ ላይ ሥጋት ታየ።

«አንተ ጸልይ» አለ ሉቃስ።

ሮቤራ ዐይኑን ጨፈነ። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ምሳው ተመስገን። ነገ ጠዋት አባባ እንዳያረፍዱ እርዳቸው፤ ሕፃኑን አቅፈው የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸውና። አሜን።»

ሉቃስም «አሜን» አለ፤ አንድ ቃል አልጨመረም። እጁን ወደ ምሳው ሰደደ። ፍርፍሩ ገና ትኩስ ነበር።