ብረት የሚርበው በብርድ ነው

«እማ፣ በብርድ ምላስ ብረት ላይ የሚጣበቀው፣ እንጨት ላይ ግን የማይጣበቀው ለምንድን ነው?»

ኩንኔይ ይህን ስትጠይቅ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ አጋፊያ መልሱን አታውቀውም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ አልሆነላትም። «ብረት በብርድ ወራት ይርበዋል። አርፈሽ ተቀመጪ!» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ዐሥር ዓመት ሙሉ «ጓንትሽን!» እያለች ኖረች።

አሁን ኩንኔይ ነርስነት ልትማር ከተማ ልትሄድ ነው። ዛሬ ካልተነሣች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። አጋፊያ እንዳታለቅስ ፈርታ ልጇን እቤት ስማ ተሰናበተቻትና በረት ገባች። የላሟን ጡት በሙቅ ውሃ እያጠበች ሳለ ኩንኔይን የሚወስደው የጎረቤታቸው የፕሮኮፒ ጭነት መኪና ሲንቀሳቀስ ሰማች። ለካስ ለስንቅ ብላ በሳህን አድርጋ ደጅ ብርዱ ላይ እንደ ድንጋይ ያደረቀችው ወተት እዚያው ቀርቷል! ወተቱን ብብቷ ሥር ወሽቃ ሮጠችና በባዶ እጇ፣ በእርጥቡ፣ የመኪናውን በር እጀታ ጨበጠች።

እጀታውም ጨበጣት።

«አቁም!»

«እትዬ አጋፊያ፣ መኪናዬን ልቀቂልኝ እንጂ! ወይስ አንቺንም ልጫን?» አለ ፕሮኮፒ።

«ዝም በል፣ አንተ የልጅ ሌባ!»

ኩንኔይ በሌላው በር ዘላ ወረደች። «እማ፣ እንዳትጎትቺ! ቆዳሽ ይላጣል።» የመንገዱን ሻይ ከፔርሙስ ቀድታ፣ እንዳያቃጥል በረዶ ጨመረችበትና በቀስታ ታፈስላት ጀመር። «ጓንትሽስ?»

«ትቀልጃለሽ?»

«ብረት የእጅሽን ሙቀት ባንዴ ይመጠዋል፤ ደምሽ ቶሎ አይተካውም። እጅሽ ላይ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያጣብቅሻል። እንጨት ግን ሙቀት ሲወስድ ቀርፋፋ ነው። አንቺ ግን ይርበዋል አልሽኝ።»

«ታዲያ ምን ዋሸሁ? ሙቀት ርቦት አይደል?»

ፕሮኮፒ ከት ብሎ ሳቀ። «ኩንኔይ፣ እናትሽ ረታችሽ!»

እጇ ገና በመጀመሪያው ኩባያ ለቆ ነበር። አጋፊያ ግን ጣቶቿን አላነሣችም። «ትንሽ ጨምሪ» አለች።

ኩንኔይ አየቻት። ጨመረችላት፤ ደግማም ጨመረችላት። ፔርሙሱ ባዶ ሲሆን ጓንቷን አወለቀች፤ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጀታው አላቀቀችና ጓንቱን አጠለቀችላት። ወተቱንም ከእናቷ ብብት ወሰደች።

ኩንኔይ ሄደች። አጋፊያ ቀረች።