ሽሮ ውስጥ የተደበቀው ኪኒን

የልጃቸውን ልጅ ልዑልን ያሳደጉት እማማ ጥሩነሽ ናቸው። መርሳ ከተማ መካኒክ ሆኖ አረቄ ቢጠናበት በዘጠና ስምንት ዓመተ ምህረት ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት።

«አንጎሉ መጠጡን ለምዶታል» አለ ሐኪሙ። «ይህ ኪኒን መጠጥ ፈርቶ እንዲተው ነው፤ ውጦት ከጠጣ አልኮሉ በሰውነቱ ውስጥ መርዝ ይሆንበታል፤ ሊገድለውም ይችላል። ሳያውቅ እንዳይሰጡት!»

ልዑል አልውጥም አለ። እሳቸው ግን ጭንቀቱ ሲብስባቸው ኪኒኑን እያደቀቁ ሽሮው ላይ ጨመሩበት። አረቄ ቤት እንዳይገባም እግር በእግር ተከተሉት።

ከአባቱ የወረሰው የሚካኤል ማኅበር ደረሰ። በጽዋ የሚዞረውን ጠላ፣ ቄስ የባረኩት ነውና፣ እማማ ጥሩነሽ ከመጠጥ ቆጥረውት አያውቁም። ልዑል ብድግ ብሎ ጽዋውን በሁለት እጁ ሲቀበል ግን የጠላው ሽታ አፍንጫቸው ገባና ክው አሉ።

«አትቅመሰው!»

«እምዬ፣ ደግሞ የሚካኤልን ጽዋ ሊከለክሉኝ ነው?» አለ እየሳቀ። ማኅበርተኛው አጉረመረመ፤ ጽዋ መመለስ ነውር ነው። ልዑል ወደ ከንፈሩ አስጠጋው።

እጁን አፈፍ አድርገው ያዙት። «ኪኒኑን በሽሮ አብልቼሃለሁ! ዛሬ ጠዋትም! ከጠጣህ ትሞትብኛለህ!»

ልዑል ፊቱ አመድ መስሎ ጽዋውን ለቄሱ መለሰ።

«ከእንግዲህ አንቱ የሠሩትን አልቀምስም» ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

«አትቅመስ ልጄ» አሉ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ሲከተሉት። «እኔንም ጥላኝ። ብቻ መድኃኒቱ ሁለት ሳምንት ከደም አይወጣም ተብሏልና አትጠጣ!»