የሻለቃ አፍንጫ

የውሻችን የሻለቃ አፍንጫ ከዳሩ ጀምሮ መንጣት ሲጀምር፣ የግቢው ሰው ሁሉ ድንገት ሐኪም ሆነ። አከራያችን «ለምጽ ነው፣ ልጆቹን ይለክፋል» አሉ። ዘበኛው ደግሞ «የእብደት መነሻ ነው» ብሎ ማለ። እውነተኛው የእንስሳት ሐኪም ግን አይቶት «ቀለሙ ነው የለቀቀው፤ አያመውም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም» ብሎን ነበር። ይህን ብነግራቸው ማን ይስማኝ! አከራያችን እሑድ መጥተው ሊያዩት፣ አፍንጫው ካልጠቆረ ዘበኛው መርዝ ሊያበላው ተቆረጠ። ፍርድ ማለት ይኸው ነው!

እሑድ ጠዋት ጫማ ሰፊው ወንድሜ የጥቁር ቀለሙን ብልቃጥ ይዞ ሻለቃ ፊት ተንበረከከ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ዝም በይ እቴ፤ ስንቱን የነጣ ጫማ አጥቁሬያለሁ።»

«እሱ ጫማ ነው እንዴ?»

«ቆዳ ያው ቆዳ ነው።»

ፍርሃት ይዞኝም ሳቄ አመለጠኝ። አፍንጫው ከድሮውም ይልቅ አብረቀረቀ። ውሻ አፍንጫውን እንደሚልስ ግን ሁለታችንም አላሰብንም። አከራያችን ከነዘበኛቸው በሩ ላይ ሲደርሱ ሻለቃ አረፋ ይደፍቅ፣ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አበደ! በለው!» አሉ አከራያችን።

ዘበኛው ዱላውን አነሳ። ወንድሜን ባየው አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ሻለቃ ላይ ተደፋሁበት።

«ቀለም ነው! የጫማ ቀለም ልሶ ነው!» እያልኩ አፍንጫውን በቀሚሴ ጫፍ ፈተግሁት። ቀሚሴ ጠቆረ፤ አፍንጫው ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ታዲያ በሽታ ካልሆነ ለምን ደበቃችሁት?» አሉ አከራያችን።

መርዝ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው፣ ለምን ተደበቅህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስድቡ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ዱላው ግን ከራሴ በላይ ነው።

«እትዬ፣ ያሳልፉን፤ ውሻው እየሞተብን ነው» ብቻ አልኩ።

ወንድሜ ሻለቃን ታቀፈው። እኔ ፊቴን ወደ ዱላው አዙሬ፣ የኋሊት እየተራመድኩ ተከትዬው ከግቢው ወጣሁ። ስንወጣ አከራያችን የብረቱን በር ከውስጥ ሲቀረቅሩ ሰማሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ ሻለቃ ቀለሙን እንዲያስታውክ አደረገው። ቆይቶ እጁን እየታጠበ «ተርፏል፤ ቤቱ ውሰዱትና ይረፍ» አለን።

ወንድሜና እኔ ተያየን። ወደ የቱ ቤት?