በፕላኑ ላይ የሌለው ክፍል

ሴትዮዋ የባሏን መድኃኒት ይዛ ከክሊኒክ ስትመለስ፣ ከደረጃው ጀርባ ያለውን ነገር አይታ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ጠዋት ባዶ ትታው በሄደችው ቦታ ላይ ሲሚንቶ ተከምሯል። ከረጢት በከረጢት ላይ፣ ከአንገቷ በላይ፣ ሦስት ረድፍ። ከሲሚንቶው ኋላ የድሮው የመዝገብ መደርደሪያ አለ። ከመደርደሪያው ኋላ በር አለ። ከበሩ ኋላ ባሏ ተኝቷል። ይህን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

"ሰማዩ ጠቆረብን እትዬ ካፖርት" አላት ፎርማኑ፣ እጁን ሱሪው ላይ እያራገፈ። "ግቢ ያለው ሲሚንቶ ሊበሰብስ ሆነ። ደረቅ ቦታ ያገኘሁት ይኼን ብቻ ነው። ደግሞ አንቺ ጠርገሽ ጠብቀሽኛል፣ ተባረኪ።"

እትዬ ካፖርት ያሏት ሠራተኞቹ ናቸው። የባሏን የዘበኛ ካፖርት ክረምት ከበጋ ከላይዋ ስለማታወልቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንፃው ማዘጋጃ ቤት ነበር። የድንጋይ ግንብ፣ ቅስት ቅስት መስኮት፣ ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚወጣበት የእንጨት ደረጃ፣ ፎቁ ላይ ሹማምንቱ የሚጨቃጨቁበት ትልቅ አዳራሽ፣ ከሁሉም በላይ የሰዓት ማማ። ከአምስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ ጓዙን ጠቅልሎ መስታወት በመስታወት ወደሆነ አዲስ ሕንፃ ገባ። ወንበሩም ማኅተሙም ሄደ፤ የቀረው ዘበኛው ነው። ባዶውን ቤት ጠብቅ ተባለ፣ ከደረጃው ጀርባ ያለችው መስኮት የለሽ መዝገብ ቤትም መኖሪያ ሆነችው። ባልና ሚስት አልጋቸውን እዚያ ዘረጉ። ልጅ አልወለዱ፣ ሌላ ቤት የላቸው።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ አንድ ጠዋት ሰውዬው ልነሳ ሲል ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። እጁም እግሩም ከዳው። ምላሱ ተሳሰረ፣ አንዲት ቃል ለማውጣት ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያለከልካል። ሚስትየው ቁጭ ብላ አሰበች። ዘበኛው መቆም አልቻለም ካልኩ ሌላ ዘበኛ ይመጣል። ሌላ ዘበኛ ከመጣ ክፍሏ የእሱ ናት። ስለዚህ ካፖርቱን ለበሰች፣ ቆቡን ደፋች፣ ዱላውን ይዛ በር ላይ ቆመች። የጠየቃት ካለ "ዘመድ ጥየቃ ሄዷል፣ እስኪመለስ እኔ አለሁ" ልትል ተዘጋጅታ ነበር። ሠራተኞቹ እስኪመጡ ድረስ አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቃት ከረመ።

ከስምንት ወር በፊት ለኪዎች መጡ። ሕንፃው ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ እንለካዋለን አሉ። እንዲህ ያሉትን ከዚህ በፊትም አይታለች፤ ይመጣሉ፣ ይለካሉ፣ ወረቀታቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ከደረጃው ጀርባ ሳይደርሱ ያንን ከቁመቷ የሚበልጥ መደርደሪያ፣ እግሩ ሥር የብርድ ልብስ ቁራጭ ወትፋ፣ እያንሸራተተች በሩ ላይ ገተረችው። ከለኪዎቹ አንዷ "ከዚህ ኋላ ምን አለ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ግንብ ነዋ" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ልኬቱን ሲደምሩት መሀል ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ተረፈ። የሰዓቱ ማማ በላዩ ነውና ማማውን የተሸከመው ድንጋይ መሆን አለበት ተባባሉ። የድሮ ሰው ሲገነባ እንዲህ ነው ብለውም ተደነቁ። ፕላኑ ላይ ጥቁር አድርገው ቀቡት። እሷም በልቧ ሳቀች።

ለባሏ ደግሞ ሕግ አወጣችለት። "የሰው ድምፅ ከሰማህ ትንፍሽ እንዳትል። እኔ ብጠራህም ሰው አብሮኝ ካለ አትመልስ። ብቻዬን ነኝ ስልህ ብቻ ተናገር።" ሳምንት ሙሉ አለማመደችው። እሱም ሠላሳ ዓመት ትእዛዝ ሲቀበል የኖረ ዘበኛ ነው፣ አንድ ቀን አልሳተም።

ለኪዎቹ ሄዱ። የሄዱት ግን ሊመለሱ ኖሯል። ይኸው ሥራው ከተጀመረ ወር ሆነው፤ እሷ ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ፣ ማታ ሠራተኛ ከወጣ በኋላ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ሁሉም ውጭ ሲበላ መደርደሪያውን እየገፋች ትገባለች፤ አብልታው፣ አገላብጣው ትወጣለች።

አሁን ከፊቷ ሲሚንቶ አለ።

"ይኼን አንሱልኝ" አለች ፎርማኑን።

"የት ላድርገው?"

"የትም። መደርደሪያው ውስጥ ዕቃ አለኝ።"

"ምን ዕቃ?"

"የሴት ዕቃ።"

ሠራተኞቹ ተሳሳቁ። "እንግዲያ ሲሚንቶው ይጠብቅልሻል" አለ ፎርማኑ። "ካንቺ የተሻለ ዘበኛ ነው፣ አያንቀላፋም።"

"እኔ ሳንቀላፋ አይተኸኛል?"

"ቆመሽ ነዋ የምታንቀላፊው፣ እንደ ፈረስ።"

"ቀልዱን ተወውና አንሳልኝ፣ ወንድሜ።"

"ከነገ ወዲያ ይነሳል። ሰዎቼን ለሴት ዕቃ ብዬ ድጋሚ አላሸክምም።"

ሌላ ሴት ብትሆን ትለምን ነበር። እሷ ግን ግግም ያለች ናት። ዱላዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ አንዱን ከረጢት በሁለት እጇ አቅፋ ጎተተችው። ሃምሳ ኪሎ ነው። ደረቷ ላይ ወርዶ አንገዳገዳት፣ ከዚያ መሬት ሲመታ ሆዱ ተተረተረና ጉልበቷ ድረስ አመድ አለበሳት። ሁለተኛውን ያዘች። ፎርማኑ አሁን ሳቁ ጠፋ። "ኧረ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?" እያለ ክንዷን ሲይዛት፣ ከግንቡ ማዶ፣ ከመግቢያው አዳራሽ በኩል፣ ግንብ የሚበሳው ድሪል ማጓራት ጀመረ።

ወለሉ በእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከረጢቱን ለቀቀችው።

አዲሱ ሊፍት በዚያ በኩል እንደሚቆም ሰምታለች። ብረቱ ከጠንካራ ግንብ ጋር ይታሰራል ሲሉ ሰምታለች። ጠንካራ የተባለው ግንብ የቱ እንደሆነ ግን እስከዚች ደቂቃ አላሰበችውም። የባሏን ራስጌ በዚያ በኩል ያደረገችው ራሷ ናት፤ እርጥበት የማይገባበት እሱ ጎን ነው ብላ።

በሩጫ ዞረች። አዳራሹ ውስጥ ሥራውን የሚመራው ቀጭን መሐንዲስ ፕላኑን ይዞ ቆሟል። ግንቡ ላይ ከጉልበት ከፍ ብሎ በቀይ ቀለም ስድስት ነጥብ ተደርጓል። ድሪል የያዘው ሠራተኛ በአንደኛው ነጥብ ላይ ክንድ ከሚያህለው ብረት እኩሌታውን አስገብቶታል። ሴትዮዋ ከጎኑ ገብታ ክንዱን ጨመደደችው። ማሽኑ ዝም አለ።

"አቁሙ። ከኋላው ሰው አለ።"

"ከምኑ ኋላ?" አለ መሐንዲሱ።

"ከግንቡ። ክፍል አለ፣ ሰው ተኝቶበታል።"

መሐንዲሱ ትሑት ነው፤ ፕላኑን ዘረጋላት። "ይኸው ይዩት እናቴ። እዚህ ጋ ሁለት ሜትር ተኩል ድፍን ድንጋይ ነው። ማማውን የያዘው እሱ ነው።"

"ያን ድንጋይ የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው።"

ፎርማኑ ተከትሏት ደርሶ ነበር። "ቅድም የሴት ዕቃ ነው አላልሽም?"

"አዎ። ባሌ ነው።"

"ባልሽ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል አላልሽንም እንዴ?"

"አልሄደም። መሄድ የሚችል ሰው አይደለም።"

ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መሐንዲሱ ግንቡን በጣቱ አንኳኳ፤ ድንጋይ ነው፣ እንደ ድንጋይ መለሰ። "እሺ፣ ይጥሩት እስቲ" አላት።

ፊቷን ግንቡ ላይ ለጥፋ ጮክ ብላ ጠራችው። ዝም። ደግማ ጠራችው፣ "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነኝ!" እያለች በመዳፏ ደበደበችው። ዝም። ከኋላዋ አንዱ "ምስኪን፣ ብቻዋን መዋል ነው እንዲህ ያደረጋት" ሲል ሰማች። ሌላው ውኃ ስጧት አለ። ያኔ ገባት። ሰምቷታል። ሰው አብሯት እንዳለም ሰምቷል። ዝም ያለው ትእዛዟን አክብሮ ነው።

ድሪለኛው ማሽኑን አነሳ። እሷም ከቀዩ ነጥብ ሥር ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ ቁጭ አለች፣ ብረቱ ጆሮዋ ሥር ሆነ።

"እናቴ፣ ይነሱ። ሰዓት የለንም።"

"ሁላችሁም ውጡልኝ። ሰው ካለ አይናገርም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።"

"ይነሱ እንጂ።"

"አልነሳም። ጎትታችሁ ብታወጡኝ ተመልሼ እመጣለሁ። ልጄ ስማኝ፤ ያንተ ግንብ ዛሬ ካልተበሳ ነገ ይበሳል። እሱ ግን አንድ ነው ያለኝ። ውሸታም በለኝ፣ እብድ በለኝ፣ ብቻ አንድ ጊዜ አስወጣቸው።"

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ ምናልባት አፅናንተው ያስነሷት ነበር። መሐንዲሱ አያት፣ ፕላኑን አየ፣ እንደገና አያት። ከዚያ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሠራተኞቹ እያጉረመረሙ ወደ ውጭ ደረጃ ወጡ።

"አንተም ጫማህን አውልቅ" አለችው በሹክሹክታ። "በር ላይ የኖረ ሰው ነው፣ ኮቴ ያውቃል።"

አወለቀ። በካልሲው ቆመ። ቤቱ ጭር እስኪል ጠበቀች፣ ከዚያ ባሏን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸችው።

"ሄደዋል" አለች ለግንቡ። "ብቻዬን ነኝ።"

ምንም የለም። መሐንዲሱ ጫማውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ከድንጋዩ ውስጥ፣ ከሩቅ ጉድጓድ እንደሚመጣ፣ ድምፅ እየተጎተተ ወጣ።

"መድ... ኃኒቱን... አገኘሽ?"

መሐንዲሱ ድሪሉ የበሳው ቀዳዳ ላይ እጁን ጫነበት፣ ቁስል እንደሚይዝ ሰው።

ሲሚንቶው ሲነሳ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ሃያ ሠራተኛ ተሰልፎ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለው፣ የመጀመሪያውን ከረጢት ያነሳው ፎርማኑ ነው፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። መደርደሪያው ተንሸራተተ፣ በሩ ተከፈተ። ክፍሏ በአቧራ ጢስ መስላለች። ከግንቡ የተፈነቀለ ድንጋይ ትራሱ ላይ፣ ከጆሮው አንድ ስንዝር ርቆ ወድቋል። ሰውዬው በደህና እጁ ብርድ ልብሱን ወደ ፊቱ ስቦ ነበር። ከንፈሩን ነክሶ አድምቶታል። ድንጋዩ ሲወድቅ፣ አቧራው ጉሮሮው ሲገባ፣ እንዳያስል ነክሶት ነው። በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው ሲያይ ሚስቱን አያት፣ ምንም አላለም።

አንገቱን ደግፋ መድኃኒቱን አስዋጠችው። ሠራተኞቹ ቆባቸውን አወለቁ።

መሐንዲሱ ግን ክፍሉን በዓይኑ ለካ፣ ጣሪያውን አየ፣ ወጥቶ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠ። "ማማው የቆመው በዚህ ስስ ግንብ ላይ ነው ማለት ነው" አለ ለራሱ። "እኛ ደግሞ በስተነዋል።" ተነስቶ ሁሉም ሰው ከዚህ በኩል ይውጣ አለ።

"እኛስ?" አለች።

"እናቴ፣ እናንተም። ዛሬ እዚህ ማንም አያድርም።"

"አምስት ዓመት አድረንበታል፣ አልወደቀብንም።"

"ያኔ አልተነካም ነበር።"

"ፎቁ ላይ ያለው አዳራሽስ? ጥግ ላይ ብቻ።"

"ሕንፃው በሙሉ ይታሸጋል። እኔ ሰው ላሳድርበት መብት የለኝም።" ድምፁ እየወረደ ሄደ። "ማዘጋጃ ቤት ሄደው ማመልከቻ ይጻፉ።"

"የት ተቀምጬ ነው የምጽፈው?"

መሐንዲሱ ፕላኑን ጠቀለለ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ፣ እሷም "ምን አጠፋህና" አለችው፣ እውነቷን ነው።

አልጋው አልወጣ አለ፤ እዚያው ውስጥ የተገጣጠመ ስለሆነ በበሩ አያልፍም። ጊዜ የለም ተባለ፣ ተተወ። በሩን ከማጠፊያው ነቅለው ሰውዬውን ከነፍራሹ በላዩ አስተኙት፣ አራት ሆነው ተሸክመው በመግቢያው አዳራሽ አሳለፉት። ከታች ፎርማኑ የሲሚንቶ ጋሪ አጥቦ አቀረበ። አንድ ድስት፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የመድኃኒቱን ላስቲክ እግሩ ሥር ሸጎጡለት። ካፊያው ጀምሯል፤ አንዱ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ አለበሰው።

"ወዴት ነው የምናደርስሽ እትዬ?" አለ ፎርማኑ፣ የጋሪውን እጀታ ይዞ።

መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። ግራው ዳገት ነው። ቀኙ ይወርዳል፤ እነሱ ከተመለሱ በኋላ ብቻዋን መግፋቷ ስለማይቀር ቀኙ ይሻላል።

"ወደዚህ" አለች።