የዲኤክሷ ወገብ

የሮሪሳ ሚስት ዳሲቱ ሁለት የፊት መስታወት ፈጅታለች። በድንጋይ ቢሆን ሰው ይረዳላት ነበር፤ በግጭት ቢሆንም የአባት ነው። የእሷ ግን ኩርባ በመታጠፍ ብቻ ነበር የሚሰነጠቀው። መኪናዋን ኩርባ ላይ አጥብቃ ስትይዛት፣ በሾፌሩ በኩል ካለው የታችኛው ማዕዘን አንዲት ቀጭን መስመር ትነሣና ቀስ እያለች እስከ መሐል ትሄዳለች። ሦስተኛውን መስታወት የአሮጌ መኪና ዕቃ ነጋዴው ሰቦቃ ከአንድ የተገለበጠ ኮሮላ ላይ ነቅሎ ሲያመጣላት፣

«እኅቴ፣ ይኼን እንደ ዓይንሽ ጠብቂው» አላት። «ለዚች ዓይነት መኪና ከእንግዲህ መስታወት ከእኔም አታገኚ፣ ከሌላም አታገኚ። ያለው ይኸው ነው።»

መኪናዋ ዲኤክስ የሚሏት የድሮ ኮሮላ ናት፤ በዕድሜ ባለቤቷን ትበልጣለች። ዳሲቱ በሥራ ቀን የቱሉ ዲምቱን ሚኒባስ ትነዳለች፣ እሑድ ሲሆን ደግሞ የራሷን። ሞተሯን ትዊን ካም በሚባለው ጉልበተኛ ሞተር ካስቀየረች ወዲህ ዲኤክሷ ሌላ ፍጥረት ሆናለች። ችግሩ ሞተሩ ጎረምሳ፣ አካሉ ሽማግሌ መሆኑ ነው። ጎረምሳው ሲጎትት ሽማግሌው ወገቡን ይዞ ያቃስታል። በሚመጣው እሑድ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው የመኪና ውድድር አለ፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ መኪና ግን አያስገቡም። ይህ ሦስተኛው ከሄደ የሚቀረው ውድድሩ ብቻ አይደለም፤ ዲኤክሷም አጥር ጥግ ቆማ ዶሮ ልታሳድር ነው። ስለዚህ ዳሲቱ፣ «መስታወቱ እንደሚጸናልኝ ሳላውቅ ስሜን አላስጽፍም» ብላ ተቀምጣለች።

ሮሪሳ ገላን ኮንዶሚኒየም አጠገብ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት አለው። ስለ ውድድር መኪና የሚያውቀው ከሚስቱ የሰማውን ያህል ነው። የሚንጋደድ በርን ግን ያውቃል። አራት ማዕዘን ብረት ብቻውን ሲተዉት ይንጋደዳል፤ ማገር ሲጨምሩበት ይጸናል። እናም አስቦ አስቦ፣

«ከፊትም፣ ከኋላም፣ ከሥርም፣ ውስጧንም በመስቀል ብረት ልሰራት» አላት።

«ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ልታስመስላት ነው?» አለች ዳሲቱ። «ብረት ሁሉ ክብደት ነው እኮ ሮሪ። የታመመው ይታሰር እንጂ ጤነኛው ምን አደረገ?»

«የታመመውን በምን እናውቃለን?»

«ራሷ ትነግረናለች።»

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ በፌስታል ጀሶ ይዛ መጣች። ሮሪሳ ግድግዳ ልትለስን መስሎት ነበር። አቃቂ የኖረ ሰው ጀሶን ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም ይዞት ይንቀሳቀሳል። ግድግዳ ሲተረተር ስንጥቁ ላይ አንድ ጣት ጀሶ ይለጠፍበታል። ጀሶው ደርቆ ከተሰበረ ቤቱ ገና እየሄደ ነው፤ ካልተሰበረ ቆሟል። ዳሲቱ ይህንኑ ዘዴ ወደ መኪናዋ አመጣችው። ኮፈኑን ከፈተች፣ ምንጣፉን ገለበጠች፣ ብረት ከብረት በሚጋጠምበት ቦታ ሁሉ በጣቷ ጀሶ እየዛቀች ለጠፈች። ሲደርቅ መስታወቱን እያሰበች፣ ሳታበዛ፣ እስከ ቱሉ ዲምቱ ነድታት ተመለሰች።

ሁለቱም ተንበርክከው አዩ። ከኋላ የተለጠፈው አንዱም አልተነካም። ከፊት ግን የጎማውን ምት የሚያበርዱት የግራና የቀኙ ሾኮች ከላይ የሚታሰሩባቸው ቦታዎች ላይ ያለው ጀሶ ተፈርክሷል። ከሾፌሩ እግር ሥር፣ ወለሉ ከፊተኛው አካል ጋር በሚገናኝበትም ተሰንጥቋል።

«ሁለት ብረት» አለች ዳሲቱ። «አንዱ ከላይ፣ ከሾክ ሾክ። አንዱ ከሥር። በቃ።»

ሮሪሳ ጀሶውን አየ፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ። ስንትና ስንት ግድግዳ ላይ ጀሶ ሲለጠፍ ሲያይ ኖሮ ይህ አንድም ቀን አልታየውም። ሄዶ የእጅ መታጠቢያ ውሃ አመጣላት።

ሰቦቃ ወሬውን ሰምቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። ሲፈታው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ የአልሙኒየም ዘንግ ነው፤ ሾክና ሾክ ለማሰር የተሠራ።

«ኦሪጅናል! እዩት እስኪ፣ ሙሽራ እኮ ነው!»

ዳሲቱ ጫፍና ጫፉን ይዛ ወዘወዘችው። ጫፎቹ ላይ ያሉት ማጠፊያዎች ወዲያና ወዲህ አሉ። ለባሏ አቀበለችው።

«ይኼ ማጠፊያ አለው» አለ ሮሪሳ። «ማጠፊያ ያለው ነገር በር ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኛ የምንፈልገው እንቢ የሚል ነው።»

«ግን አያምርም?»

«ኮፈን ከፍተን ለምናሳየው ሰው ያምራል» አለች ዳሲቱ። «እኔ ኮፈን ዘግቼ ነው የምነዳው፣ ሰቦቃ።»

«እናንተ ባልና ሚስት ነጋዴ ታከስራላችሁ» ብሎ እየሳቀ ሙሽራውን መልሶ ጠቀለለው።

ሮሪሳ ከወፍራም የብረት ቱቦ ቀጥ ያሉ፣ ማጠፊያ የሌላቸው ሁለት ብረቶች ሠራ። ጫፎቻቸው ላይ ከጠንካራ ላሜራ የተቆረጠ እግር በየደላቸው፤ እግሮቹ ላይ የብሎን ቀዳዳ በሳ። ከዚያ ግቢያቸው ውስጥ የመኪናዋን ፊት በክሪክ አንሥቶ፣ ድንጋይ ደግፎ፣ ጎማዎቿ አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ሁለቱንም ብረቶች ገጠመ። ብሎኖቹን እስከ ጉልበቱ ጥግ አጠበቀ። ቆንጆ ሆነ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መኪናዋን አወረዳት።

«በይ በሩን ዝጊው።»

ዳሲቱ የሾፌሩን በር ገፋችው። በሩ መታና ተመልሶ መጣ። ደግማ ገፋችው፤ ደግሞ ተመለሰ። በዚያው ቅጽበት ከመስታወቱ ማዕዘን «ጢቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዳሲቱ እጇን ከበሩ አነሣች።

«ፍታው! ፍታው ሮሪ!»

ሮሪሳ ቁልፉን አንሥቶ ብሎኖቹን ፈታ። የመጨረሻው ሲላቀቅ የላይኛው ብረት እንደ ታፈነ ነገር ዘሎ ተነሣ። ዳሲቱ መስታወቱ ላይ ተደፍታ በጣቷ ጫፍ ማዕዘኑን ዳሰሰች። የመስታወቱ ዙሪያ ጎማ ከቦታው ተንሸራትቷል እንጂ መስታወቱ አልተነካም።

ሮሪሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ማንም ሳይነግረው ጥፋቱ ገብቶታል። ጠማማ መሬት ላይ የተበየደ በር ዕድሜ ልኩን ሲያነክስ እንደሚኖር ለደንበኛ ሁሉ የሚሰብከው እሱ ነው። መኪናዋን ግን እግሯ መሬት ሳይረግጥ፣ ከነመንጋደዷ አሰራት።

«አጣምሜ ነው ያሰርኳት» አለ።

ዳሲቱ አልተቆጣችም። «እንግዲያው ቀጥ ብላ በገዛ እግሯ ቆማ እሰራት።»

«የት? እዚህ ሰፈር ውሃ ልክ የሆነ መሬት አሳዪኝ።»

ዳሲቱ በአገጯ ከመንገዱ ማዶ አመለከተችው።

ከመንገዱ ማዶ እትዬ ድንቅነሽ ቤት እያሠሩ ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጥቁሩን አፈር አስቆፍረው አስወጥተው፣ ድንጋይ አስሞልተው፣ ወለሉን በኮንክሪት አስለብሰዋል። ለጊዜው ከወለሉና ከአራት ምሰሶ ሌላ የቆመ ነገር የለም። እሳቸው ግን በፕላስቲክ ወንበር አጠገቡ ተቀምጠው እንደ አራስ ይጠብቁታል።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?»

«ይመስገን። ምነው ተያይዛችሁ መጣችሁ? ሽማግሌ መሰላችሁኝ እኮ።»

ዳሲቱ ነገሩን አስረዳቻቸው።

«መኪና? ወለሌ ላይ?» ብድግ አሉ። «ጸበል ሳይረጭበት፣ የሰው እግር ሳይገባበት ጎማ ይቅደመው? ቤቱን ምን ልታስለምዱብኝ ነው?»

«ቤት እኮ ገና አልሆነም እትዬ። ግድግዳ የለው፣ ጣራ የለው። ሜዳ ነው።»

«ሜዳ! ሜዳ ትለዋለች! አንቺ የቆምሽበት ሳሎኔ ነው!»

ብዙ የማይናገረው ሮሪሳ ከኪሱ ውሃ ልኩን አወጣና ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። አዙሮ አስቀመጠው። ሄድ ብሎ ሌላ ቦታ ላይ አስቀመጠው። አረፋዋ ከመሐል ንቅንቅ አላለችም።

«እትዬ፣ እኔ በርና መስኮት ልገጥም ብዙ ቤት ገብቻለሁ» አለ። «እንዲህ ያለ ወለል ግን አላየሁም። የመጣነው ለዚህ ነው።»

እውነቱን ነበር፤ እሳቸውም እውነቱን መሆኑን አወቁ። አረፋዋን ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት።

«ግንበኛው ነዝናዛ ብሎኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይበል። አፍርሰህ ድገም እያልኩ ነው እዚህ ያደረስኩት።» ከዚያ ቀና አሉ። «ዘይት ጠብ ብትል ወዮልህ!»

«አትልም።»

«ጎማዋም ታጥቦ ነው የሚገባው።»

ጎማዎቹን ራሳቸው አስታጠቡ። ለእንግዳ እጅ እንደሚያስታጥብ ሰው በጆግ ቀስ እያሉ ሲያፈስሱ፣ ዳሲቱ እየዞረች በቡሩሽ ፈተገች። ዲኤክሷ ውሃ እያንጠባጠበች ወለሉ ላይ ስትወጣ፣ «እግረ እርጥብ ያድርግሽ» ብለው መረቋት።

ሮሪሳ ከግንበኞቹ ጣውላ ለአራቱም ጎማ እኩል ደርድሮ መኪናዋን አቆማት፤ እሱ ከሥሯ እንዲገባ፣ ክብደቷ ግን በራሷ እግር ላይ እንዲያርፍ። በውሃ ልክ ዙሪያዋን ለካ። ብረቱን ቢያስጠጋው የአንዱ እግር ቀዳዳ በጥፍር ያህል አልገናኝ አለ። ያቺ ጥፍር ነበረች በሩን እንቢ ያሰኘችው፣ መስታወቱንም ልትወስደው የነበረችው። በመዶሻ ሊያስገባት ይችል ነበር፤ አልሞከረም። ብረቱን ይዞ ብየዳ ቤቱ ሄደ፣ እግሩን ቆርጦ በአዲሱ ልክ በየደው፣ አቀዝቅዞ ተመለሰ። የታችኛውንም እንዲሁ አደረገ። አሁን ብሎኖቹ በጣት ተገፍተው ገቡ።

«የማጥበቁን ለእኔ ተወው» አለች ዳሲቱ። ከግራ ጥቂት፣ ከቀኝ ጥቂት፣ ደግሞ ከግራ፤ አንዱን ከሌላው ሳታስበልጥ፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አጠበቀች። ሮሪሳ ከሥር ተጋድሞ የቁልፉን ድምፅ እየሰማ፣ ይህች ሴት በር ብትሠራ ኖሮ እኔ ጦሜን አድር ነበር ብሎ አሰበ።

በሩን ዘጋችው። አንድ ለስላሳ «ድፍ» አለ።

«የፍሪጅ በር!» አሉ እትዬ ድንቅነሽ። ወለሉን ዞረው ፈተሹ፤ ዘይት የለም።

ከሰዓት በኋላ ወጡ። ሮሪሳ ከጎኗ ተቀምጦ ያንን የመስታወት ማዕዘን እንደ ዘበኛ አፍጥጦ ይጠብቃል። ከገላን ወጥተው መንገዱ ሲከፈት ዳሲቱ ማርሽ ቀየረች፤ ትዊን ካሙ ጮኸ። ኩርባው መጣ። ከዚህ በፊት እዚህ ላይ የመኪናዋ ፊት ይታጠፍና ወገቧ ዘግይቶ ይከተል ነበር፤ ያቃስት ነበር። አሁን መኪናዋ ሙሉዋን በአንዴ ዞረች። የሚንቋቋ፣ የሚጎተት ነገር የለም። ሮሪሳ ሳያውቀው ዓይኑን ከማዕዘኑ አነሣ። የሚስቱ እጆች መሪው ላይ አርፈዋል፤ አይታገሉም። ትከሻዋ ወርዷል። ሁለተኛውን ኩርባ ከመጀመሪያው አጥብቃ ያዘችው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው አጥብቃ፤ ፊቷ ላይ ግን ሚኒባሷን ስትነዳ የምታሳየው ያው እርጋታ ነው።

መስታወቱ ትዝ ሲለው ኩርባው ሁሉ አልፏል። ደንግጦ እጁን ሰድዶ ማዕዘኑን ዳሰሰ። ንጹሕ ነው።

«ጸንቷል» አለ።

«አውቃለሁ።»

የቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ወደ ቤት የሚያዞረውን መንገድ አልፋ ወደ ከተማ የሚወስደውን ያዘች።

«ወዴት ነው?»

«ስሜን ላስጽፍ ነዋ። ሳይዘጉ ልድረስባቸው።»

ሮሪሳ የብየዳ ብልጭታ የበሳሳውን ቱታውን ቁልቁል አየ። «እንዴ፣ በዚህ ልብስ?»

«አንተን ማን ጠራህ? የሚመዘገበው ሾፌር ነው» አለችና የከባድ መኪኖችን ሰልፍ ለማለፍ ማርሽ ቀየረች።